ያልመለስኩት ጥያቄ

የመመረቂያ ጥናቴን ስሠራ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት እዞር ነበር። አንዲት እናት ቡና እያቀራረቡ «የአንቺስ እናት ምን ይሠራሉ?» አሉኝ። ፈገግ ብዬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። እንዲያ ነበር የተማርነው። ተመራማሪ ይጠይቃል እንጂ ስለ ራሱ አያወራም፤ መረጃው ይዛባል።

ሰሞኑን የአን ኦክሊን ሥራዎች ሳነብ እኚያ እናት ፊቴ ድቅን አሉብኝ።

ኦክሊ በ1944 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ እንግሊዛዊት የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር ናቸው። በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ይዘነው የምንወለደው ፆታ ሌላ፣ ኅብረተሰቡ የሚያለብሰን ወንድነትና ሴትነት ሌላ መሆኑን አስረዱ። እኛ ሁለተኛውን «ሥርዓተ ፆታ» እንለዋለን። ቃሉን እወደዋለሁ። ሥርዓት ሰው ያበጀው ነውና ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

ለዶክትሬታቸው የመረጡት ርዕስ ደግሞ የቤት ውስጥ ሥራ ነበር። ያኔ ራሳቸው ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሳድጋሉ። ርዕሱን እንደ ቁም ነገር ያልቆጠሩላቸው ምሁራን ነበሩ። እሳቸው ግን በ1971 ለንደን ውስጥ 40 እናቶችን አነጋገሩ። የፋብሪካ ሠራተኛ ስለ ሥራው በሚጠየቅበት መንገድ ስለ ሰሃን ማጠቡ፣ ስለ ልብስ መተኮሱ፣ ስለ መሰልቸቱ ጠየቋቸው። እናቶቹ በአማካይ በሳምንት 77 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ከሁሉም የበዛባት 105 ሰዓት።

77 ሰዓት! እኛ እኮ ወጥ የሚጣፍጥላትን ሴት «ባለሙያ» ብለን እናሞግሳለን። ቅጽ ላይ ስንደርስ «ሥራ የላትም» ብለን እንጽፋለን።

ከዚያ ኦክሊ ፊታቸውን ወደ ነፍሰ ጡሮች አዞሩ። የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ሴቶችን ከወሊድ በፊትም በኋላም ደጋግመው አነጋገሩ። ሴቶቹም መልሰው ይጠይቋቸው ነበር። ጥያቄዎቹን መዝግበው ቆጠሯቸው፤ 878 ሆኑ። ልጅ በየት በኩል እንደሚወጣ የጠየቀችም አለች። ይህን ለምትጠይቅ ሴት «ዛሬ የምጠይቀው እኔ ነኝ» ይባላል? ኦክሊ መለሱላቸው። በ1981 ባወጡት ጽሑፍም የመማሪያ መጻሕፍቱን ደንብ በግልጽ ተቹ።

ይህን ሳነብ አፈርኩ። እኚያ እናት ቡናቸውን አጠጥተውኛል። ለእህታቸው እንኳን ያልነገሩትን ነግረውኛል። እኔ አንዲት መልስ ነፈግኳቸው። ደግሞ የደንቡ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መልሱ አሳፍሮኝ ነበር። ያደግኩት «የእናት ሥራ» በሚለው ፊት ሰረዝ እየሳብኩ ነው።

እናቴ ሌሊት 11 ሰዓት ትነሳ ነበር። እሳት ታያይዛለች። ቁርሳችንን አብልታ ትሸኘናለች። በሳምንት ሁለቴ እንጀራ ትጋግራለች። አልጋ ላይ የዋለችውን አያቴን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች። ማታ ሁላችንም ከተኛን በኋላ ዩኒፎርማችንን ትተኩሳለች። የከሰል ካውያው ሽታ እስከ መኝታችን ይመጣል።

እናቴ ትሠራ የነበረው ይህን ነው፣ እትዬ።