ቁልፉን የሚሰጠው ማን ነው?

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ዕድሜው ለመንጃ ፈቃድ ያልደረሰ ልጅ በሞተር ብስክሌት ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል እህል ጭኖ፣ ያለ ሄልሜት ሲከንፍ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ሲለቀው ድምፅ ስለሌለው፣ ከፊቱ በእግሯ የምትሄደው እናት የመጣባትን አትሰማም።

ልጁን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሞተሩን ገዝቶ ቁልፉን የሰጠው አባት ወይም በቀን ገቢ የሚያሠራው ባለንብረት ነው፤ የቀበሌው ሚሊሻም የዘመድ ልጅ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ይላካል፣ ጥቂት ካሳ ይከፈላል፣ ብዙም ሳይቆይ ያው ልጅ በዚያው ሞተር ይመለሳል።

ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ቂም ያበርዳል፣ ደም ያደርቃል። ሆኖም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ያሽከረከረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ስለደነገገ፣ ሽማግሌዎቹ ይህን ለባለንብረቱ በግልጽ ሊነግሩትና ልጁ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ሞተሩን እንዳይነካ በእርቁ ውል ላይ ሊያስፈርሙት ይገባል።