ጎንደር በአቀበትና በቁልቁለት

ጎንደርን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባጃጅ ተኮናትሮ ከፋሲል ግቢ ወደ መዋኛው፣ ከመዋኛው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሄድና ፎቶግራፉን አንሥቶ ይመለሳል። በዚህ አካሄድ ሕንፃዎቹን ያያል እንጂ ከተማዪቱን አያያትም ባይ ነኝ። ጎንደር ማን በኮረብታው ራስ ላይ፣ ማን በወንዙ ዳር እንደሚኖር በማዕረግና በሃይማኖት የተደለደለባት ከተማ ነበረች፤ ይህ ድልድል ዛሬም ቢሆን ጎልቶ የሚታወቀው አቀበቱንና ቁልቁለቱን በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዐፄ ፋሲል በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁሩ የመረጡት ቦታ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ደግሞ ቀሃ የሚባሉት ወንዞች አቅፈውት የሚወርዱትን የኮረብታ ጀርባ ነው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራንና ደንቀዝን ጨምሮ ከአንዱ መቀመጫ ወደ ሌላው ይዘዋወሩ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ ፋሲል አንድ ቦታ መርጠው መርጋታቸው ራሱ ትልቅ ውሳኔ እንደነበር ግልጽ ነው። ቦታው ከቆላው ወባ ራቅ ያለ፣ በግራም በቀኝም ውኃ የማያጣ፣ ከመተማና ከምጽዋ በኩል የሚመጡት የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከፍታው ብርቅ አይሆንበትም፤ እንዲያውም ጎንደር ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ጉልበት የሚፈታው ደጋግሞ መውረድና መውጣቱ ነው።

ጉዞውን ከጃን ተከል ዋርካ ሥር መጀመር ጥሩ ነው። በዚህ አደባባይ አዋጅ ይነገር፣ ፍርድም ይፈጸም እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ብዙ ሰው ከዚያ በቀጥታ ወደ ትኬት መቁረጫው ይሄዳል፤ እኔ ግን አስቀድሞ 900 ሜትር ገደማ የሚሆነውን የግቢውን አጥር በውጭ በኩል መዞርን እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የቤተ መንግሥቱን አሠራር ከግንቦቹ ይልቅ የበሮቹ ስሞች አብልጠው ይናገራሉ። አሥራ ሁለት ናቸው ከሚባሉት በሮች መካከል ወንበር በር የዳኞቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ እምቢልታ በር የነፊዎቹ፣ አደናግር በር ደግሞ የፈታዮቹ ነበር። ታዝካሮ በር የሙታን ተዝካር የሚወጣበት ሲሆን፣ እንቆዬ በር በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም የተጠራ ነው። ጥጥ የምትፈትል ሴትና በወንበር የሚፈርድ ዳኛ በአንድ አጥር ውስጥ ይዋሉ እንጂ በአንድ በር አይገቡም ነበር። አስጎብኚዎች ይህን ለመንገር እምብዛም ጊዜ የላቸውም፤ የፋሲልን ግንብ ቁመትና የአንበሶቹን ቤት ለማሳየት ይቸኩላሉ።

ግቢው ውስጥ ከተገባ በኋላ እኔ የማዘገየው ግንበኞቹ የተጠቀሙባቸውን ሁለት ዓይነት ድንጋዮች ቀረብ ብዬ ለማየት ነው። ግድግዳው ጥቁር፣ ጠንካራ፣ እንደ ልብ የማይጠረብ ድንጋይ በኖራ ተያይዞ የተሠራ ሲሆን፣ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ግን በቀይ ድንጋይ የተከበበ ነው። ቀዩን በጣት ቢነኩት ሻካራነቱና ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት መሆኑ ይታወቃል፤ ለስላሳ ስለሆነ ለቅስት ቅርጽ ይታዘዛል፣ በዚያው ልክም ዝናብና ንፋስ ቶሎ ይበሉታል። ኖራውም ቢሆን ከፋሲል ዘመን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሱስንዮስ ጊዜ ለግንባታ የዋለ ነው፤ ያለ እርሱ እንዲህ ያለ ባለ ፎቅ ግንብ በዚህ ድንጋይ ሊቆም አይችልም ነበር። የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ግንብ ጣራውን አጥቶ የቆመ ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶት የነበረው ይህ ሕንፃ፣ ጣሊያኖች ግቢውን መምሪያቸው ስላደረጉት በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ እንደገና ተጎድቷል። የዐፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የምንትዋብ ግንብ በደኅና ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።

ፒያሳን በፍጥነት አልፋታለሁ። ጣሊያኖች ከ1936 እስከ 1941 በቆዩባቸው ዓመታት የሠሯቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የራሳቸው ውበት አላቸው፤ ለእኔ ግን ፒያሳ ከሁሉ በፊት ማኪያቶ ጠጥቶ ለቁልቁለቱ መዘጋጃ ናት።

ከኮረብታው ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወረድ የከተማዋ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በሰበሰቡት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ፤ በቁልቁለቱ በኩል የሚገኘው አዲስ ዓለም፣ በቀድሞው አጠራር እስላም ቤት፣ በዚህ መንገድ የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ ጸና። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ በቀሃ ዳር ትልቅ የሙስሊም ሰፈር ማየቱን ጽፏል። ሩቅ አገር ድረስ ተጉዞ ለቤተ መንግሥቱ ሐርና ሽቶ የሚያመጣው ነጋዴ ከታች ሠፍሮ፣ ያመጣው ዕቃ ግን በየቀኑ አቀበቱን ይወጣ ነበር ማለት ነው። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፤ ካይላ ሜዳ የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። አንጥረኛው፣ ግንበኛውና ሸክላ ሠሪዋ በብዛት ከእነርሱ ወገን ስለነበሩ፣ ላይ ቤት ያለውን ግንብ ካነጹት እጆች መካከል ታች ሠፍረው የኖሩት ይገኙባቸዋል። ከዘሮቻቸው አብዛኞቹ ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ ሲሆን፣ ብዙ ጎብኚዎች ታሪካቸውን የሚፈልጉት ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው ወለቃ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ከዚያ የፋሲል መዋኛ ሩቅ አይደለም፤ የግቢው ትኬት እዚያም ስለሚያገለግል መጣል አይገባም። ጥር 11 ቀን ሲደርስ ከቀሃ በቦይ በሚመጣው ውኃ ይሞላል፤ በሌላው ጊዜ ግን ባዶውን ስለሚሆን የሚታየው ዋርካው ነው። ሥሮቹ የአጥሩን ድንጋይ እየሰነጠቁም እየደገፉም በአንድነት ይዘውታል፤ ቢነቀሉ አጥሩ ይፈርሳል፣ ቢተዉም ቀስ በቀስ ይገፉታል። አጠገቡ ያለችው ትንሽ ቤት ዞብል የተባለ ፈረስ መቃብር ናት ይባላል።

ቁስቋም የሚወስደው አቀበት ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ፣ ቀጥሎም ለልጅ ልጃቸው ለኢዮአስ ሞግዚት ሆነው አገር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው፤ መኖሪያቸውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ከነገሥታቱ ግቢ አርቀው፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ አሠሩ። ለምን ራቁ ለሚለው ጥያቄ እግር የሚሰጠው መልስ አለ፤ ወደ እርሳቸው ጉዳይ ይዞ የሚሄድ መኳንንት ሁሉ ከከተማው ወርዶ፣ ቀሃን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ሥልጣን ያለው ሰው እንዲህ አድርጎ ያስመጣል። በፈረሰው ግንብ ግድግዳ ላይ በዚያው በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሁንም ይታያሉ፤ በፋሲል ግቢ ከማውቀው ጌጥ ሁሉ ይበልጥ ጥበብ የፈሰሰባቸው ይመስሉኛል። ብሩስ በፈንጣጣ የተያዙትን የቤተ መንግሥት ልጆች ያከመው እዚሁ ነው። ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ከተገደሉ በኋላ ግን ከዚህ ኮረብታ የሚወጣው ትእዛዝ ክብደቱን አጣ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ከቁስቋም ጋር በአንድ ቀን ማዳረስን አልመክርም፤ ደክሞ የገባ ሰው ቀና ብሎ ጣራውን አያይም፣ ከመቶ በላይ የሆኑት የመላእክት ፊቶች ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ደርቡሾች በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ ወጥቶ እንደታደገው ይተረካል። ከዚያ በፊትም በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ አብያተ ክርስቲያናቱን አስበርብረው አቃጥለዋል። ስለዚህ 44 ታቦት ከሚባሉት ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት ከቃጠሎው በኋላ እንደገና በተሠሩ ሕንፃዎች ነው፤ የቀድሞው ሥዕል ምን ይመስል እንደነበር የሚፈልግ ሰው አቀበቱን ወጥቶ ወደ ሥላሴ መሄድ አለበት።