ኤች ቢ ኤክስ በጉበት ሴል ውስጥ፦ የሉሲፈሬዝ ብርሃን ብቻውን አያሳምንም

ጅማ ላይ ስለ ሄፓታይተስ ቢ የመመረቂያ ጥናት የምትጀምሩ፣ ይህን ሳታነቡ ፕላዝሚድ (ጂን ወደ ሴል የሚገባበት ክብ ዲኤንኤ) አትዘዙ።

ጉበቱን በዋናነት የሚጎዳው የሰውነት መከላከያ በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን ሲያጠቃ ነው። ቫይረሱም ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። 3,200 ገደማ ቤዝ ጥንድ ካለው ጂኖሙ ከሚወጡት ፕሮቲኖች ትንሹ ኤች ቢ ኤክስ ሲሆን፣ 154 አሚኖ አሲድ አለው። ይህ ፕሮቲን በቀጥታ ዲኤንኤ ላይ አይጣበቅም፤ የሴሉን የራሱን የምልክት መስመሮች ይቀሰቅሳል።

ዋናው መስመር ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የተባለው ጂን አስነሺ ፕሮቲን ነው። በአዘቦቱ አይ ካፓ ቢ አልፋ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይዞት ከኒውክሊየስ ውጭ ይቆያል። ምልክት ሲመጣ አይ ኬ ኬ የተባለው ኢንዛይም በአይ ካፓ ቢ አልፋ 32ኛና 36ኛ ቦታ ላይ ባሉት ሴሪኖች (አሚኖ አሲዶች) ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ቀጥሎ ዩቢኩቲን የተባለ የ«ይወገድ» ምልክት ይለጠፍበትና የሴሉ ፕሮቲን ፈጪ፣ ፕሮቲያሶም፣ ይሰባብረዋል። ያኔ የኤን ኤፍ ካፓ ቢ ክፍሎች ፒ50 እና ፒ65 ጥንድ ሆነው ኒውክሊየስ ገብተው አይ ኤል-6፣ አይ ኤል-8 እና ሌሎች የብግነት ጂኖችን ያስነሳሉ። ኤች ቢ ኤክስ የሚገፋው ከላይ ነው፤ የሴሉን ካልሲየም ያዛባል፣ በሚቶኮንድሪያ በኩል ኦክሲዳቲቭ ጫና ያበዛል።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። የተለመደው ሙከራ ሄፕ ጂ 2 በተባሉ የጉበት ካንሰር ሴሎች ውስጥ የካፓ ቢ ሉሲፈሬዝ ፕላዝሚድ (ኤን ኤፍ ካፓ ቢ ሲጣበቅበት ብርሃን ሰጪ ኢንዛይም የሚያሠራ) እና የኤች ቢ ኤክስ ፕላዝሚድ አስገብቶ ከ48 ሰዓት በኋላ ብርሃኑን መለካት ነው። ይጨምራል፤ «ተረጋገጠ» ይባላል። አልተረጋገጠም። በ2016 እንደታየው፣ ኤች ቢ ኤክስ ዲ ዲ ቢ 1 ከተባለው የሴሉ ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ኤስ ኤም ሲ 5/6 የተባለውን የፕሮቲኖች ውስብስብ ያስወግዳል። የዚህ ውስብስብ ሥራ ደግሞ ከክሮሞሶም ውጭ ያለ ክብ ዲኤንኤን ማፈን ነው። የእናንተ ፕላዝሚድ ያው ክብ ዲኤንኤ ነው! ስለዚህ ኤን ኤፍ ካፓ ቢ ሳይነሳም ብርሃኑ ሊጨምር ይችላል። ማመጣጠኛው የሬኒላ ፕላዝሚድም (ልኬቱን ለማነጻጸር አብሮ የሚገባ ሌላ ብርሃን ሰጪ) አብሮ ስለሚነካ ሬሾው ብቻውን አያድናችሁም።

መፍትሔው የካፓ ቢ ቦታው የተበላሸ ፕላዝሚድ ጎን ለጎን ማስኬድ፣ ከዲ ዲ ቢ 1 ጋር የማይጣበቀውን አር96ኢ የተባለውን የኤች ቢ ኤክስ ሚውታንት (የተለወጠ ቅጂ) መጨመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሮሞሶም ላይ ያለውን የአይ ኤል-8 ጂን ኤም አር ኤን ኤ በኪው ፒ ሲ አር መለካት ነው። ፒ65 ኒውክሊየስ መግባቱን ስታዩም ቱቡሊን (ከኒውክሊየስ ውጭ ያለ ፕሮቲን) እና ሂስቶን ኤች3 (የኒውክሊየስ ፕሮቲን) አብራችሁ አሳዩ። የኒውክሊየሱ ክፍል ውስጥ ቱቡሊን ከወጣ መለያየቱ አልተሳካም።

ጊዜም ያታልላል። ኤን ኤፍ ካፓ ቢን የሚቀሰቅሰውን የብግነት ፕሮቲን ቲ ኤን ኤፍ በ10 ናኖግራም በሚሊሊትር ብትሰጡ አይ ካፓ ቢ አልፋ በ15 ደቂቃ አካባቢ ይጠፋና በአንድ ሰዓት ገደማ ይመለሳል፤ የራሱን ጂን የሚያስነሳው ኤን ኤፍ ካፓ ቢ ነውና። በ48ኛው ሰዓት መጠኑ አልቀነሰም ማለት መስመሩ አልተነሳም ማለት አይደለም። ፎስፌት የተለጠፈበትን ለማየት ፕሮቲያሶምን የሚያግደውን ኤም ጂ 132 በ10 ማይክሮሞላር አስቀድማችሁ ለ30 ደቂቃ ስጡ። ሴሎቹን በበረዶ ላይ ስትፈቱ የተለጠፈው ፎስፌት እንዳይነሳ የሚጠብቁት ሶዲየም ፍሎራይድና ቤታ ግሊሴሮፎስፌት አይቅሩ። ቫናዴት ብቻውን የሚጠብቀው ታይሮሲን ላይ ያለውን ፎስፌት ነው፤ የእናንተ ሴሪን ላይ ነው።

ከተማችን ላይ መብራት ሲቆራረጥ ሁለት ነገር ይበላሻል። ቲ ኤን ኤፍ ቀልጦ ሲረጋ ኃይሉን ያጣል፤ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ አስቀምጡት። ኢንኩቤተሩ ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ያን ዙር ጣሉት፤ የተጨነቀ ሴል በራሱ ምልክት ያስነሳል። ማይኮፕላዝማም (ሴል የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ) እንደዚሁ ነውና በየወሩ መርምሩ።

የመጨረሻው ማጣሪያ ሄፕ ጂ 2 ኤን ቲ ሲ ፒ ሴሎችን (ቫይረሱ የሚገባበት በር፣ ኤን ቲ ሲ ፒ፣ የተጨመረባቸው) በእውነተኛ ቫይረስና ኤክስ በሌለው ቫይረስ መያዝ ነው። ኤክስ ከሌለ ግን የቫይረሱ ሌሎች ፕሮቲኖችም እጅግ ይቀንሳሉ። ስለዚህ ኤች ቢ ኤክስን ከውጭ የመለሳችሁበት ሦስተኛ ቡድን ከሌለ ልዩነቱን ለእሱ ብቻ መስጠት አይቻልም።