ኡቡንቱን አጥፍታችሁ ዊንዶውስ እምቢ ካለ ፎርማት አታስደርጉ

እዚህ ጅማ፣ በተለይ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አካባቢ፣ ለኮርስ ብሎ ኡቡንቱን (ከሊኑክስ ሲስተሞች አንዱን) ከዊንዶውስ ጎን የሚጭን ተማሪ አይጠፋም። ኮርሱ ሲያልቅ ቦታ ለማስለቀቅ የሊኑክሱን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ይሰርዛል። ላፕቶፑን ሲያስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ» የሚል ቃል ብቻ ይጠብቀዋል፤ የቆየ ማሽን ከሆነ ደግሞ «ግራብ ሬስኪው»። ያኔ ፈጥኖ የሚመጣው ምክር «ፎርማት ይደረግ» ነው። እባካችሁ እሺ አትበሉ! የመመረቂያ ጽሑፋችሁም ዊንዶውሱም ያሉበት አሉ።

የሆነው ይህ ነው፦ የግራብ (ከኡቡንቱ ጋር የሚገባው ሲስተም አስነሺ ፕሮግራም) መነሻ ቁራጭ ኢኤፍአይ በሚባለው ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ ስለምትቀር ማሽኑ አሁንም እሷን ይጠራል። እሷ ደግሞ ሜኑዋን የምትፈልገው ከተሰረዘው ፓርቲሽን ነው። ስታጣው እዚያው ትቆማለች።

መጀመሪያ ባትሪውን ሙሉ፤ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ሌላ ጣጣ ነው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ በእጃችሁ ያዙ። ከዚያ ማሽኑን እያበራችሁ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9፣ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12 ደጋግማችሁ ንኩና «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን ምረጡ። ከተከፈተ የቀረው ባዮስ (የማሽኑ የማስነሻ ቅንብር) ገብቶ እሱን ከኡቡንቱ በላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ አዘጋጁና በዩኢኤፍአይ ሞድ (በአዲሱ የማስነሻ ስልት) አስነሱት። «ኢንስቶል»ን ሳትነኩ «ሪፔር ዩር ኮምፒውተር»፣ «ትራብልሹት»፣ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ግቡ። (ትእዛዞቹን እንደ ድምፃቸው ነው የምጽፈው፤ እናንተ በላቲን ፊደል ትተይባላችሁ።) «ዲስክፓርት»፣ ቀጥሎ «ሊስት ቮል»። ፋት32 የሆነው፣ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያለው ኢኤፍአይ ነው። ፍላሹም ፋት32 ሊሆን ስለሚችል መጠኑን አይታችሁ ለዩ። ቁጥሩ 2 ከሆነ «ሰሌክት ቮል 2»፣ «አሳይን ሌተር=ኤስ»፣ «ኤግዚት»። ከዚያ፦

«ቢሲዲቡት ሲ:\ዊንዶውስ /ኤስ ኤስ: /ኤፍ ዩኢኤፍአይ»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በጥገና ሁኔታ ሲ የምትሏት ድራይቭ ዲ ወይም ኢ ሆና ልትገኝ ትችላለች፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ «ዲር ሲ:\» ብላችሁ የዊንዶውስ ፎልደር መኖሩን እዩ። «ቡትሬክ /ፊክስቡት» ብላችሁ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ካላችሁ አትታገሉት፤ የላይኛው ትእዛዝ ሥራውን ይሠራል።

ዲስኩ የተከፋፈለው በአዲሱ ጂፒቲ ሳይሆን በድሮው ኤምቢአር ዘዴ ከሆነ («ዲስክፓርት» ውስጥ «ሊስት ዲስክ» ስትሉ ጂፒቲ ሥር ኮከብ ከሌለ) ብዙውን ጊዜ «ቡትሬክ /ፊክስኤምቢአር» ይበቃል። የማስነሻ ኮዱን ብቻ ይተካል፤ የፓርቲሽኑን ሰንጠረዥ አይነካም።

ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ የተለቀቀውን ቦታ ወደ ሲ ስትጨምሩ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» ደብዝዞ እምቢ ካለ፣ ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ አልሆነም ማለት ነው። መሃል የገባው የሪከቨሪ ፓርቲሽን ከሆነ አትሰርዙት፤ ባዶውን ቦታ አዲስ ድራይቭ አድርጋችሁ ፋይል አስቀምጡበት።