የሽጉጥ ጥይት ፕራይመር ሲመረጥ

ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ስለሆነ፣ ይህ ሙያው በሕግ ለተፈቀደለት ሰው ነው። ፕራይመር ማለት ቀለሁ ቂጥ ላይ የሚገባው፣ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ ነው።

መጀመሪያ ቀለሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ቦክሰር የሚባለው የቀለህ ዓይነት ነው፤ ሁለት ትንንሽ ከሆኑ በርዳን የሚባለው ነውና ተዉት፤ የተተኮሰውን ፕራይመር የሚያወጣው የተለመደው መርፌ ይሰበርበታል። በየቤቱ የሚገኘው የድሮ የማካሮቭና የቶካሬቭ ሽጉጥ ቀለህ አብዛኛው በርዳን ነው።

ለ9 ሚሊ ሜትር ትንሹ የሽጉጥ ፕራይመር ነው፣ ስፋቱ 4.45 ሚሊ ሜትር። ትልቁ 5.33 ነው። ባለ .45 ካሊበሩ ጥይት ብዙውን ጊዜ ትልቁን ቢወስድም ትንሹን የሚወስድ ቀለህም አለ፤ ሳይለዩ ቀላቅሎ ማስገባት አደጋ ነው። የጠመንጃው ትንሽ ፕራይመር ልኩ ያው ቢሆንም ቆርቆሮው ወፍራም ስለሆነ፣ መዶሻው በላላ ሽጉጥ ላይ ይከሽፋል። ማግነም የሚባለው ፕራይመር ደግሞ እሳቱ ይበረታል፤ የፕራይመር ዓይነት ከተቀየረ ባሩዱን በ10 በመቶ ቀንሶ እንደገና መጀመር ግድ ነው።

በመጀመሪያው ምት ከሽፎ በሁለተኛው የሚተኩስ ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአገጣጠም ነው፤ ፕራይመሩ ጥግ አልደረሰም። ከቀለሁ ቂጥ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ማለት አለበት። በጣት ሲዳሰስ ከፍ ያለ ከተሰማ አይጠቅምም።

አቀማመጡን አደራ! ከመጣበት እሽግ አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ መገልበጥ ማለት አንዱ ሲፈነዳ ሁሉም አብሮ ይፈነዳል ማለት ነው። ከሰሉም አልጋውም አንድ ክፍል ውስጥ በሆነበት ቤት፣ ፕራይመር ጨርሶ አይቀመጥም።