መርፌውና መዥገሯ
ዛሬ ማታ መዥገር ለምታስተላልፈው የባክቴሪያ በሽታ፣ ለላይም ሕመም፣ የምወጋውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ ቤንዛታይን ፔኒሲሊኑን፣ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ በመዳፎቼ መካከል እያንከባለልኩ አሞቅሁት። ነጭ ነው፤ እንደ ግድግዳ ቀለም የወፈረ። ካልሞቀ በመርፌው ቀዳዳ አልወርድ ይላል፣ ሲገባም ያንገበግባል። ያሠለጠነችኝ ነርስ «ቀስ ብለህ ግፋው፣ አትቸኩል» ትለኝ ነበር። የዳሌዬን ጎን በጣቶቼ ለክቼ ወጋሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም! ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችብኝ መዥገር ስትነክሰኝ እኮ ጭራሽ አልተሰማኝም።

ሐኪሜ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት አሳይቶኛል፤ ሥር ለሰደደ የላይም ሕመም የተራዘመ የፀረ ባክቴሪያ ሕክምና ከአጭሩ የተሻለ ውጤት አላመጣም። አንብቤዋለሁ፤ ተከራክሬበታለሁም። የሚያመው ሰው ግን የሚያነበው በጤነኛ ዓይን አይደለም። ይህ ዙር ሲያልቅ እንቀጥል ወይስ እናቁም የሚለውን ቁጭ ብለን እንወስናለን። እኔ ለጊዜው የምቀመጠው በአንድ ጎኔ ብቻ ነው።