ትንሹ ጎማ ያሸነፈበት ሳምንት

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ብስክሌት የሚጠግንና የሚያከራይ ሱቅ ውስጥ ስሠራ፣ ደንበኞች ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠይቁት «የትኛው ይፈጥናል?» ብለው ነበር። አሮጌዎቹ የተራራ ብስክሌቶቻችን ባለ 26 ኢንች ጎማ ሲሆኑ አዲሱ ባለ 29 ነው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መልሱን ከለንደን ኦሊምፒክ ያመጣል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ቼካዊው ያሮስላቭ ኩልሃቪ በባለ 29 ወርቁን፣ ስዊዘርላንዳዊው ኒኖ ሹርተር በባለ 27.5 ብሩን ወሰዱ። በመካከላቸው የነበረው አንድ ሰከንድ መሆኑን ግን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ክርክሩን ልቋጭ ብዬ የፍጥነት ቆጣሪውን ከትልቁ ፈትቼ ትንሹ ላይ አሰርሁት። በአዘዞ አስፋልት ትልቁ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ባሳየበት ቦታ ትንሹ 22 አሳየ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ሳምንቱን ሙሉ ለመጣው ሁሉ ትንሹን አወደስሁ። ወደ ኮሶዬ የሚወጣ አንድ አስጎብኚም አምኖኝ ወሰደው። ማታ ሲመለስ መዳፉ ቀልቷል።

«ወንድሜ፣ ፈጣን ያልኸኝ ይህንን ነው? አንድም ድንጋይ አልማረኝም።»

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ይህን ሰምተው ምንም አላሉም። ጠመኔ አነሡና የትንሹን ጎማ ከመሬት በሚነካበት በኩል አሰመሩበት፤ ወለሉንም እንዲሁ። ብስክሌቱን ገፋ ገፋ አድርገው መስመሩ ዞሮ መሬት ሲነካ ሜትር ዘረጉ፦ 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም። ትልቁ 2 ሜትር ከ29 ሆነ።

«ቆጣሪው ላይ የሞላኸው የጎማ ዙሪያ ስንት ነው?»

«2290 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጋሼ። አልነካሁትም።»

«እና የታላቁን ልብስ ለታናሹ አልብሰህ ‹አደገ› ትላለህ?»

ለካ ቆጣሪው መንገዱን አያይም። የቸርኬው ሽቦ ላይ ያለችው ማግኔት ስንት ጊዜ እንዳለፈች ቆጥሮ በተነገረው ርዝመት ያባዛል እንጂ።

እሑድ በስልክ ሰዓት ይዘን ከቁስቋም በሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ነዳናቸው። ቁልቁለቱ ላይ ትልቁ አሸነፈ፣ ያውም በግልጽ። ያው ድንጋይ ለትልቅ ጎማ ተዳፋት፣ ለትንሽ ጎማ ግድግዳ ይሆናል፤ ትንሹ በየድንጋዩ እየተጋጨ ፍጥነቱን ይጥላል። ዳገቱ ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከቆመበት ሲነሣማ ትንሹ ይቀድማል። ትልቁ በአንድ ዙር 22 ሳንቲም ትርፍ ስለሚሄድ በተመሳሳይ ማርሽ እግር ላይ ይከብዳል፤ ማርሽ ማቅለል የማያውቅ ደንበኛ ዳገት ላይ ወርዶ ይገፋዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ እስከ ዛሬ ትንሹን ነው የምሰጠው።

ለአስጎብኚው የቀኑን ኪራይ መለስንለት። ቆጣሪው ትልቁ ላይ ተመልሶ ታስሯል፣ ጀርባውም ላይ በብዕር 2290 ብዬ ጽፌበታለሁ። ጋሼ ግን ጽሑፌን አላመኑትም፤ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ጠመኔያቸውን ያነሣሉ።